የጀልባ ወረቀት፦ የግዛት ቁጥር ወይስ የፌዴራል ሰነድ?

በአሜሪካ ከ25 ጫማ የሚበልጥ የመዝናኛ ጀልባ የሚገዛ ሰው ቁልፉን ከመረከቡ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ጀልባውን በሚኖርበት ግዛት ያስመዝግብ ወይስ የፌዴራል ሰነድ ያውጣለት? ደላላው አንድ ነገር ይለዋል፣ ባንኩ ሌላ ይለዋል፣ በማሪናው አጠገቡ ጀልባውን ያሰረው ጎረቤትም ሦስተኛ ምክር አያጣም። የሀገራችን ሰዎች በብዛት የሰፈሩባቸው ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው፣ ሲያትልና ሚኒያፖሊስ ሁሉም ውኃ ያልራቃቸው ከተሞች ስለሆኑ ጥያቄው ለአማርኛ አንባቢም ባዕድ አይደለም። እንዲያውም ወደ እኛ ሲመጣ፣ አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ሰው የማያስበው ዜግነት የሚባል ጉዳይ ይጨመርበታል።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። በፖቶማክ ወንዝ ወይም በሲያትሉ የዋሽንግተን ሐይቅ ላይ ቅዳሜና እሑድ ቤተሰቡን ይዞ ለሚንሸራሸር ሰው የግዛቱ ምዝገባ ይበቃዋል። የፌዴራሉ ሰነድ ወጪውንና ድካሙን የሚክሰው ጀልባው ትልቅ የባንክ ብድር ሲኖርበት ወይም ከአሜሪካ ውኃ ወጥቶ ሩቅ ሲሄድ ነው። ከዚህ ውጭ የሚወራው ብዙው ነገር፣ በተለይ ስለ ግብር የሚነገረው፣ ሰውን ላልጠበቀው ወጪ የሚዳርግ ነው።

የግዛት ምዝገባ ለመኪና ከለመድነው አሠራር ብዙ አይርቅም። ባለቤቱ ለግዛቱ መሥሪያ ቤት ያመለክታል፣ ግብር ይከፍላል፣ እንደ ታርጋ የሚያገለግል ቁጥርና እንደ ቦሎ በየጊዜው የሚታደስ ተለጣፊ ይሰጠዋል። ብዙ ግዛቶች እንደ ሊብሬ ያለ የባለቤትነት ማረጋገጫም ይጨምሩበታል፤ ሁሉም ግን አይሰጡም። መሥሪያ ቤቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት መምሪያ ነው፣ በቨርጂኒያ የዱር እንስሳት ሀብት መምሪያ፣ በካሊፎርኒያ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ዲኤምቪ፣ በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ የከተማው ፖሊስ የወደብ ክፍል። ቁጥሩ በጀልባው የፊት አካል ላይ በግራም በቀኝም፣ ቁመታቸው ቢያንስ 3 ኢንች በሆነ ፊደላት፣ ከጀልባው ቀለም ጎልቶ በሚታይ ቀለም ይጻፋል። የሜሪላንድ ጀልባ ቁጥር «ኤምዲ» ብሎ ይጀምራል፤ የዋሽንግተን ግዛት «ደብሊው ኤን»፣ የካሊፎርኒያ «ሲ ኤፍ» ይላል።

የፌዴራሉን ሰነድ የሚሰጠው በተለምዶ ኮስት ጋርድ በምንለው የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ኃይል ሥር ያለ ብሔራዊ የመርከቦች ሰነድ ማዕከል ነው። ማዕከሉ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ፎሊንግ ዋተርስ በምትባል ትንሽ ቦታ ይገኛል፤ ቀድሞ በየወደቡ ይሠራ የነበረው ሥራ በ1995 ወደዚያ ተጠቃሏል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሰነድ የወጣለት ጀልባ፣ ጭነት ተሸካሚ መርከቦች በሚመዘገቡበት በዚያው ብሔራዊ መዝገብ ውስጥ ይገባል። ፊቱ ላይ የግዛት ቁጥር አይጻፍበትም። በምትኩ ስሙና የመነሻ ወደቡ ቁመታቸው ቢያንስ 4 ኢንች በሆነ ፊደላት ከውጭ በአንድ ላይ ይጻፋሉ። ኦፊሴላዊ ቁጥሩ ደግሞ ቢያንስ በ3 ኢንች አኃዝ በጀልባው ውስጥ፣ ቢፋቅ ወይም ቢነቀል ጠባሳው እንዲታወቅ ሆኖ ይቀመጣል። ባለቤቱ ቢቀየር፣ ጀልባው ወደ ሌላ ግዛት ቢዛወር፣ ስሙ ቢለወጥ ይህ ቁጥር አይለወጥም።

ለሰነዱ ብቁ ለመሆን ጀልባው ቢያንስ 5 የተጣራ ቶን ሊኖረው ይገባል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ክብደት ይመስለዋል። ቶኑ የሚለካው ግን የጀልባውን መጠነ ይዘት ነው፤ አንዱ ቶን 100 ኪዩቢክ ጫማ ነው። ለሞተር ጀልባ ቀለል ያለው ስሌት እንዲህ ይሄዳል፦ ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት በጫማ ተባዝተው ለ100 ይካፈላሉ፣ የተገኘው በ0.67 ይባዛል፣ ከዚያ 80 በመቶው የተጣራ ቶን ይባላል። 30 ጫማ ርዝመት፣ 10 ጫማ ስፋትና 5 ጫማ ጥልቀት ያለው ጀልባ በዚህ መንገድ 8 ቶን ገደማ ስለሚሆን ያልፋል። 22 ጫማ በ8 በ4 የሆነው ግን 4 ቶን እንኳ አይሞላም፤ ባለቤቱ ቢፈልግም ባይፈልግም ምርጫው የግዛቱ ምዝገባ ብቻ ነው። የሸራ ጀልባ ማባዣው 0.50 ሲሆን የተጣራው 90 በመቶ ነው። ከ25 ጫማ በላይ የሆኑት አብዛኞቹ ብቁ ናቸው የሚባለው ከዚህ ስሌት ተነሥቶ ነው።

ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን የኖሩበትን ምክንያት ያላወቀ ሰው የኋላውን ሕግ ለመረዳት ይቸገራል። የመርከብ ምዝገባ የአሜሪካ የመጀመሪያው ኮንግረስ በ1789 ከያዛቸው ጉዳዮች አንዱ ነበር። አዲሲቱ ሀገር ገቢዋ ቀረጥ ነው፤ የዜጎቿ መርከቦች ከውጭዎቹ ያነሰ የወደብ ቀረጥ እንዲከፍሉ ትፈልጋለች፤ ስለዚህ የትኛው መርከብ የዜጋ እንደሆነ ማወቅ ነበረባት። ዜግነት የፌዴራሉ መዝገብ እምብርት የሆነው ያኔ ነው። የመዝናኛ ጀልባ በዚህ የነጋዴዎች ሕግ ውስጥ ቦታ ያገኘው በ1848 ነው፤ ኮንግረስ የመዝናኛ ጀልባ ባለቤቶች ፈቃድ አውጥተው በየወደቡ የጉምሩክ ሥርዓት ሳይፈጽሙ እንዲጓዙ ፈቀደላቸው። የግዛቶቹ ምዝገባ ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። በ1918 የወጣ ሕግ ሰነድ የሌላቸው ሞተር ጀልባዎች ቁጥር እንዲኖራቸው አዘዘ፤ ሥራው ግን የፌዴራሉ መንግሥት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሞተር ጀልባ የተራው ቤተሰብ መዝናኛ ሲሆን፣ በሰሜን ካሮላይናው የምክር ቤት አባል በኸርበርት ቦነር ስም የሚጠራው የ1958 ሕግ ቁጥር የመስጠቱን ሥራ ለግዛቶች ከፈተላቸው። ከ1971ዱ የጀልባ ደኅንነት ሕግ ወዲህ ሰነድ የሌለው ሞተር ያለው ጀልባ ሁሉ በዋናነት በሚንቀሳቀስበት ግዛት ቁጥር ማውጣት አለበት። እንግዲህ የፌዴራሉ መዝገብ ከንግድና ከዜግነት ተወለደ፣ የግዛቶቹ ከደኅንነትና ከቁጥጥር። ዛሬም ጠባያቸው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ባንኩ እንምጣ፤ የፌዴራሉ ሰነድ እውነተኛ ኃይሉ ያለው እዚህ ነውና። በባሕር ሕግ ጀልባ ራሱ ተጠያቂ ነው። ነዳጅ የሞላለት፣ የጠገነው፣ የማሰሪያ ቦታ የሰጠው ሁሉ ካልተከፈለው በባለቤቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በጀልባው ላይ የመያዣ መብት አለው፤ ፍርድ ቤት ጀልባውን አስይዞ በሐራጅ ሊያሸጥለት ይችላል። በ1854 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ጆን ጄይ» በተባለች መርከብ ጉዳይ ላይ፣ በመርከብ መያዣ የተሰጠ ብድር የባሕር ውል አይደለም፣ የባሕር ችሎቶችም አያስፈጽሙትም ሲል ወሰነ። ውጤቱ ለአበዳሪ ከባድ ነበር። ለመርከቢቱ ገመድ የሸጠው ሰው በባሕር ችሎት ቆሞ ገንዘቡን ሲቀበል፣ መርከቢቱን ለመግዣ ያበደረው ከበር ውጭ ቀረ። ኮንግረስ ይህን ያቃናው ከስድሳ ዓመታት በላይ ዘግይቶ፣ በ1920ው የመርከብ መያዣ ሕግ ነው። ሕጉ በፌዴራሉ መዝገብ የገባ የመያዣ ውል ቅድሚያ የሚሰጠው እንዲሆን አደረገ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1934 «ቶማስ ባርለም» በተባለችው መርከብ ጉዳይ ሕጉን አጸናው።

ከዚያ ወዲህ ወረፋው ተስተካከለ። ጀልባው በፍርድ ቤት ሲሸጥ ከችሎት ወጪ ቀጥሎ የሠራተኛ ደመወዝ፣ ከአደጋ የማዳን ክፍያ፣ ጀልባው ያደረሰው ጉዳት ካሣና መያዣው ከመመዝገቡ በፊት የነበሩ የባሕር ዕዳዎች ይከፈላሉ። ቀጥሎ ባንኩ ይመጣል። መያዣው ከተመዘገበ በኋላ የመጡት የነዳጅ፣ የጥገናና የማሪና ዕዳዎች ከባንኩ ኋላ ይሰለፋሉ። መብቱ በየትኛውም ግዛት የፌዴራል ፍርድ ቤት ያው ስለሆነ ተበዳሪው ጀልባውን ከሜሪላንድ ወደ ፍሎሪዳ ቢያሸሸውም አበዳሪው አይደነግጥም። ከፍ ያለ ብድር የሚሰጡ ባንኮች ሰነዱን ቅድመ ሁኔታ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው፣ ይህ ጥበቃ ለአበዳሪው የተሠራ መሆኑን ነው። ጀልባውን በጥሬ ገንዘብ የገዛ ሰው ሰነድ ሲያወጣ፣ ለራሱ የማያስፈልገውን የባንክ ጋሻ እየገዛ ሊሆን ይችላል።

የዚያው መዝገብ ሌላ ጥቅም ግን ለገዢም ይደርሳል። ለ25 ዶላር ማንም ሰው የአንድን ሰነድ ያለው ጀልባ የታሪክ ማውጫ ከማዕከሉ ማዘዝ ይችላል። ማን ለማን እንደ ሸጠው፣ የትኛው ባንክ መያዣ እንደ ነበረው፣ ዕዳው ተከፍሎ መያዣው ተነሥቶ እንደሆነ፣ ያልተከፈለው ጠጋኝ አቤቱታ አስመዝግቦ እንደሆነ በተርታ ያሳያል። አሮጌ ጀልባ ለሚገዛ ሰው ከዚህ የሚሻል 25 ዶላር አላውቅም። ሆኖም ማውጫው ንጹሕ ስለሆነ ጀልባው ከዕዳ ነጻ ነው ማለት አይደለም። የባሕር ዕዳ ሳይመዘገብም ይኖራል፣ ከጀልባው ጋርም ወደ አዲሱ ባለቤት ይተላለፋል። በፌዴራልም ሆነ በግዛት መዝገብ ላለ ጀልባ ይህ ስጋት አንድ ነው፤ ስለዚህ የማሪናውንና የጥገናውን ደረሰኝ መጠየቅ አይቀርም። ሰነዱም ቢሆን ስለ ጀልባው ዜግነት የማያከራክር ማስረጃ ነው እንጂ፣ ባለቤትነት በፍርድ ቤት ክርክር ሲነሣ የመጨረሻ ማረጋገጫ እንዳልሆነ ሕጉ ራሱ ይናገራል።

ስለ ግብር የሚወራውን እንየው። «ሰነድ ካወጣህ ከግዛቱ ነጻ ነህ» የሚለው ወሬ በየማሪናው ይዞራል። እውነት የሆነው ክፍል፣ ግዛቱ ሰነድ ያለውን ጀልባ የራሱን ቁጥር እንዲጽፍ ወይም የግዛቱን የባለቤትነት ማረጋገጫ እንዲይዝ ማስገደድ አለመቻሉ ነው። ግብሩ ግን የትም አይሄድም። ሜሪላንድ በዋናነት በውኃዋ ላይ በሚንቀሳቀስ ጀልባ ላይ 5 በመቶ ታስከፍላለች፤ ከ2013 ወዲህ ለዚህ ግብር ጣሪያ አበጅታለታለች፣ ሲጀመር 15,000 ዶላር ነበር። ሰነድ ያለውም ጀልባ ይከፍላል፣ ተለጣፊም ይወስዳል። ፍሎሪዳ ሰነድ ያለውን የመዝናኛ ጀልባ እንደገና አስመዝግባ ተለጣፊ ታስለጥፋለች። ዋሽንግተን ግዛትም እንዲሁ ታስመዘግባለች፣ በየዓመቱም የጀልባውን ዋጋ ግማሽ በመቶ ግብር ስትሰበስብ ኖራለች። በካሊፎርኒያ ዲኤምቪ ባይጠይቅም ካውንቲው የንብረት ግብር ይጥላል። የቨርጂኒያ የጀልባ ሽያጭ ግብር 2 በመቶ ብቻ ነው፣ ጣሪያውም 2,000 ዶላር፤ ስለዚህ ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ማስመዝገብ የሚያጓጓው ብዙ ነው። ነገር ግን የሚታየው ጀልባው የት እንደሚውል ነው። በኋላው ላይ «ዊልሚንግተን፣ ደላዌር» ተብሎ የተጻፈበት ጀልባ ዓመቱን ሙሉ አናፖሊስ ታስሮ ከዋለ ሜሪላንድ ግብሯን ትጠይቃለች። የመነሻ ወደብ በአሜሪካ ውስጥ የትኛውም ከተማ ሊሆን ይችላልና ጽሑፉ ስለ ግብር የሚናገረው ነገር የለም።

እንዲሁም ሰነድ ያለውን ጀልባ የግዛት ፖሊስ አያስቆመውም፣ ኮስት ጋርድም ያከብረዋል የሚሉ አሉ። ኮስት ጋርድ በአሜሪካ ውኃ ላይ ማንኛውንም ጀልባ አስቁሞ የመፈተሽ ሥልጣን አለው፤ ወረቀቱ የየትኛው መዝገብ እንደሆነ ለውጥ አያመጣም።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው ግን የዜግነቱን ነገር ነው። የፌዴራሉን ሰነድ የሚያገኘው ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ዜጋ የተያዘ ጀልባ ነው። በትውልድም ሆነ በመሐላ የተገኘ ዜግነት እኩል ነው። ግሪን ካርድ ግን አይበቃም፣ የያዘው ሰው አሜሪካ ውስጥ ሃያ ዓመት ቢኖርም። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ሳያስበው ይሰናከላል። ባል ዜጋ ሆኖ ሚስት ገና በግሪን ካርድ ላይ ካለች፣ የሽያጭ ውሉ ላይ ሁለቱም ከተጻፉ ጀልባው ብቁ አይደለም። አንዳንዱ መፍትሔ ብሎ የሚስቱን ስም ያወጣል። እኔ ይህን አልመክርም። ከቤቱ ቀጥሎ ውዱ ንብረት ሊሆን በሚችል ነገር ላይ የትዳር ጓደኛን ስም ለሰነዱ ብሎ መሰረዝ፣ በኋላ ሞት ወይም ፍቺ ሲመጣ ማንን እንደሚጎዳ ግልጽ ነው። ሚስት ዜግነቷን እስክትይዝ በግዛቱ መዝገብ ሁለቱም ስማቸውን አጽፈው መቆየት ይችላሉ፤ ግዛቱ የሚፈልገው የጀልባውን ወረቀትና ግብሩን ነው።

በዕቁብ ገንዘብ ወይም በጓደኝነት ተዋጥተው ለሚገዙም ነገሩ ያው ነው። የፌዴራሉ መዝገብ የጋራ ባለቤቶችን ድርሻ በግልጽ ያሰፍራል፤ አንዱ ሲሞት ድርሻው ለቀሪው ባለቤት እንዲተላለፍ የሚያደርግ የባለቤትነት ዓይነትም መምረጥ ይቻላል። ይህ በእውነት ጥሩ ነገር ነው። ግን ከአራቱ አንዱ ዜጋ ካልሆነ ሁሉም ይቀርባቸዋል፤ ዜጋ ያልሆነውን ከወረቀት ውጭ በቃል ብቻ ማስቀረት ደግሞ ገንዘቡን በመተማመን ላይ መጣል ነው። መተማመኑ ቢኖርም ፍርድ ቤት የሚያነበው የተጻፈውን ነው። በነገራችን ላይ ዜግነት የሚጠየቀው ባለቤቱ እንጂ መሪውን የያዘው ሰው አይደለም። የንግድ ሰነድ ያለውን መርከብ የሚያዝዘው ዜጋ መሆን ሲኖርበት፣ የመዝናኛ ሰነድ ብቻ ያለውን ጀልባ ዜጋ ያልሆነ ሰውም ሊያዝዘው ይችላል።

ስም ማውጣት ትንሽ ነገር ቢመስልም ለእኛ ትርጉም አለው። በፌዴራሉ መዝገብ የጀልባ ስም ከ33 ፊደላት መብለጥ የለበትም፣ በላቲን ፊደል መጻፍም አለበት። ጀልባዬን «ጣና» ወይም «ዓባይ» ልበላት ያለ ሰው ሕጋዊው ጽሑፍ በላቲን ይሆናል። በግዛት ቁጥር ለሚንቀሳቀስ ጀልባ የፌዴራል ሕግ ስም አይጠይቅም፤ ባለቤቱ በፊደላችን ቢያስጽፈው ደስ ይላል።

ድንበር መሻገርን በሚመለከት የፌዴራሉ ሰነድ ጀልባው የአሜሪካ ስለመሆኑ የትም ሀገር የሚታወቅ ማስረጃ ነው። ከሲያትል ተነሥቶ ወደ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ለሚሄድ ወይም ከፍሎሪዳ ባሃማስ ለሚሻገር ሰው የግዛት ምዝገባም በተለምዶ ያስገባዋል። ካሪቢያንን ወርዶ ወይም አትላንቲክን አቋርጦ ለሚጓዝ ግን የባዕድ ወደብ ሹም በማያውቀው የግዛት ካርድ ከመከራከር ሰነዱን መያዝ ይሻላል። በሀገር ውስጥ ከግዛት ግዛት ለሚዛወርም ቅለት አለው። የግዛት ቁጥር ያለው ጀልባ ወደ ሌላ ግዛት ሲመጣ ቢያንስ 60 ቀን ይታገሡታል፣ ከዚያ አዲስ ቁጥር ማውጣት አለበት። ሰነድ ያለው ቁጥሩን ሳይለውጥ ይቀጥላል፤ አድራሻው መለወጡን ግን በ10 ቀን ውስጥ ለማዕከሉ ማስታወቅ አለበት።

ወጪው ከባድ አይደለም። የመጀመሪያው ሰነድ 133 ዶላር ነው፣ የሽያጭ ውል ማስመዝገቢያው በገጽ 8 ዶላር፣ የመያዣ ውል በገጽ 4 ዶላር፣ ዓመታዊ እድሳቱ 26 ዶላር። የመዝናኛ ጀልባ ባለቤት እስከ 5 ዓመት አንድ ላይ ማሳደስ ይችላል። ሰነዱ በወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ግን ኦፊሴላዊ የሚመስሉ ደብዳቤዎች መምጣት ይጀምራሉ። የሚልኳቸው የግል ድርጅቶች ናቸው፤ ባለቤቱ በራሱ በ26 ዶላር የሚጨርሰውን እድሳት ብዙ እጥፍ አስከፍለው ይሠራሉ። የባለቤቶች ስምና አድራሻ የሕዝብ መረጃ ስለሆነ ደብዳቤ ለመላክ አይቸገሩም። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው ወላጆች ያሏችሁ፣ ገንዘቡን ከመላካቸው በፊት ድረ ገጹ በ«ዶት ጎቭ» የሚያበቃ መሆኑን አብራችሁ እዩላቸው።

ሁለት ነገሮች ደግሞ በሰነዱ ይሸፈናሉ ተብለው ይረሳሉ። ትልቁ ጀልባ የሚጎትታት ሞተር ያላት ትንሽ ጀልባ የግዛት ቁጥር የራሷ ያስፈልጋታል። እንዲሁም የመዝናኛ ሰነድ ገንዘብ አያስገባም፤ ለሠርግና ለልደት እንግዳ ጭኖ ማስከፈል የሚፈልግ ሰው የባሕር ዳርቻ ንግድ ፈቃድ ይፈልጋል። ለዚያ ጀልባው አሜሪካ ውስጥ የተሠራ መሆን አለበት፤ ካልሆነ እስከ 12 ተሳፋሪ ለሚጭኑ ጀልባዎች የሚሰጠውን ልዩ ፈቃድ ከፌዴራሉ የባሕር ትራንስፖርት አስተዳደር ማመልከት ነው።

ሰነድ ያለውን ጀልባ ዜጋ ያልሆነ ሰው ሲገዛ ደግሞ ነገሩ ከኋላ ይጀምራል። ጀልባው ከፌዴራሉ መዝገብ መውጣት አለበት፤ የተመዘገበ የባንክ መያዣ ካለበት ግን አይወጣም፣ መጀመሪያ ዕዳው ተከፍሎ መያዣው መነሣት ይኖርበታል። ከዚያ ማዕከሉ በ15 ዶላር የመሰረዣ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፣ ብዙ ግዛቶችም ያንን ሳያዩ በራሳቸው መዝገብ አያስገቡትም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ገዢ ሙሉውን ገንዘብ ለሻጩ ከማስረከቡ በፊት የመሰረዣው ወረቀት በማን ወጪና በስንት ጊዜ እንደሚወጣ በሽያጭ ውሉ ላይ ያስጽፍ።